የዜሩ ሠራዊት

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኸባብ፣

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ወላጅ እናትህ ፋዱማም ደህና ናት። ትናንት ሳምቡሳ ይዛልኝ መጥታ ስታወራኝ ዋለች፤ ግማሹን ሰማሁ፣ ለግማሹ ራሴን ነቀነቅሁላት።

ደብዳቤህን የጅቡቲ መስመር ሾፌሩ ነጋ አድርሶልኛል። ልጄ ዜሩ ባሕሩን ተሻግሮ ሳዑዲ፣ ጂዛን አካባቢ እርሻ ላይ ሥራ እንደያዘ፣ ቦታው ስልክ ስለማይሠራበት ዝም ቢል እንዳይከፋኝ ጽፈሃል። እሺ። ልደውልልሽ ወይ ላልከኝ ግን አትድከም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን አጠገብ የቆመ ጆሮ ስልክ አይሰማም። ሰው ይስማልሽና ይንገርሽ ላልከውም፣ የልጄን ወሬ በጎረቤት አፍ መቀበል አልወድም። ጻፍልኝ። ጽሑፍ ሲሆን ደጋግሜ አየዋለሁ።

ቀኑን በምን ታሳልፊዋለሽ ብለሃል። ሣጥኑን ከፈትኩት። ያንን ከቀፊራ ገበያ፣ ከሳልባጅ ቦንዳ ውስጥ ያገኛችሁትን የመጫወቻ ወታደሮች ሣጥን ማለቴ ነው። ሳትሄዱ በፊት የቁም ሣጥኔን በር ነቅላችሁ፣ እሱ ላይ አሰልፋችኋቸው ዳይስ እየወረወራችሁ ስትዋጉ ትውሉ አልነበር? የእንግሊዝኛውን መመሪያ አንተ ታነባለህ፣ እሱ ይከራከርሃል። በሩን እስከ ዛሬ አልመለሳችሁትም።

ቆጠርኳቸው። ሠላሳ ስድስት እግረኛ፣ አምስት ፈረሰኛና አንድ መድፍ። አንዱ የአውራ ጣቴን ቢያክል ነው። ዜሩ የቀባው ሦስቱን ብቻ ነው፣ ያን አረንጓዴ ፈረስ ጨምሮ። ሌላው ሁሉ እንደ አመድ ግራጫ ነው። ሲሄድ «የቀረውን ስመለስ» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ሲመለስ አልቆ ቢያገኘው ብዬ አሰብኩ።

ታዲያ ከግቢው በር የተረፈውን የዘይት ቀለም አምጥቼ በጥርስ ቡሩሽ ጀመርኩ። አራቱን አበላሸሁ። ፊታቸው ተደፈነ፤ አፍንጫ የለ፣ አፍ የለ። ሳምንት ሆኗቸው ዛሬም ይጣበቃሉ። የሱ ትንንሽ የቀለም ጠርሙሶች ደርቀው፣ ክዳናቸው ላይ የተጻፈው ፊደል ብቻ ቀርቷል። እንዴት እንደሚቀባ አንተ ታውቃለህና ጻፍልኝ። ልጁ መጥቶ ይህን ጉድ ሳያይብኝ።

እናትህ በለጠች


ጅቡቲ፣ ባልባላ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማ በለጠች፣

አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ቀለምና ሲሚንቶ የሚሸጥ ሱቅ ገብቻለሁ፤ ባለቤቱ የመናዊ ነው፣ ቁጭ ያለ ሰው አይወድም።

በነጋ በኩል በቃል የላክሽብኝን ሰምቻለሁ። ፎቶ ለጊዜው አይሆንም። እዚያ ያሉት ልጆች ወረቀት ስለሌላቸው መነሳት ይፈራሉ። ዜሩ ግን ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።

አሁን ወደ ሠራዊቱ። አቦ እማ፣ የበር ቀለም? ያበላሸሻቸውን አራቱን አትጣያቸው። ባጃጅ ጋራዥ ሄደሽ የፍሬን ዘይት ለምኚና በጣሳ ሁለት ቀን ዘፍዝፊያቸው። ከዚያ በጥርስ ቡሩሽ ስትፈትጊያቸው ቀለሙ ተልጦ ይወርዳል፤ ፕላስቲኩን አይነካውም። ጓንት አድርጊ፣ ቆዳ ያቃጥላል። በሳሙና አጥበሽ ሲደርቁ መጀመሪያ ሁሉንም ስስ ጥቁር ቀቢያቸው፤ ጥቁሩ ሌላውን ቀለም ይይዝልሻል።

ስምንት ጠርሙስ ቀለምና ሁለት ቀጫጭን ቡሩሽ ልኬልሻለሁ። ቀለሙን በውሃ አቅጥኚው፣ ወተት እስኪመስል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለት ጊዜ አቅጥኖ መቀባት ይሻላል፤ የጀማሪ ጥፋቱ መቸኮል ነው። መጨረሻ ላይ መቆሚያቸው ላይ ኮላ አድርገሽ አሸዋ በትኚበት፣ መሬት የረገጡ ይመስላሉ።

ዜሩ እኮ ክዳኑን ሳያነብ ቡሩሽ ነክሮ አያውቅም። ምን ያለ ሥርዓተኛ ነው እያልኩ እስቅበት ነበር። ያን አረንጓዴ ፈረስም ለቀልድ ነው የሠራው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ አሾፍኩበት።

ልጅሽ ኸባብ


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኸባብ፣

ቀለሙ አንዱም ሳይፈስ ደርሶኛል፤ እጅህ ይባረክ። ጋራዥ ሄጄ ዐብዲራዛቅን የፍሬን ዘይት ብለው «እማ፣ ባጃጅ ገዛሽ እንዴ?» አለኝ። አራት ወታደር ልዘፈዝፍ ነው ስለው ዘይቱንም ሰጠኝ፣ እስከ በር ድረስም በዓይኑ ሸኘኝ። እብድ ብሎኝ እንደሆነ ይበለኝ።

እንዳልከው ተላጡ። አፍንጫቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ አስራ አንድ ጨርሻለሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ክርኔን ጠረጴዛው ላይ ካስደገፍኩ ይታዘዘኛል። ቀለም ማቅጠኑን ለመድኩት። ክር እንደማጥበቅ ነው፤ ሲበዛም ሲያንስም ይበላሻል። አንድ ቁልፍ ለመቀባት ትንፋሼን ይዤ ስቀመጥ ሌላ ነገር አላስብም፤ ለዚያ ስል ነው መሰለኝ የወደድኩት።

ነጋ አይቶ ነግሮህ ኖሯል፤ መመሪያው ላይ ቀይና አረንጓዴ የሆነውን ልብስ ለምን ሰማያዊና ቢጫ አደረግሽው ብለህ በቃል ልከሃል። ምክንያት አለኝ። ዜሩ ሲያየው ይገባዋል።

ለአሸዋው ወደ ደቻቱ ወንዝ ወረድኩ። የዜሩ አባት ከሞተ ወዲህ ረግጬው አላውቅም፤ አስራ ስምንት ዓመት አልፎታል። ውሃው ወልደ ማርያምን ሲወስደው ዜሩ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አንተም ያኔ እኛ ቤት ነው የምትውለው። ትልቆቹ ምን እንዳደረጉኝ ግን አታውቅም። «ሐረር ሆስፒታል ገብቷል፣ ይሻለዋል» አሉኝ። ዘጠኝ ቀን ሾርባ ሠርቼ በፔርሙስ ላክሁ። በየቀኑ ፔርሙሱ ባዶውን ታጥቦ ይመለስልኛል። በዘጠነኛው ቀን ማለዳ የእድሩ ሰዎች በሬን አንኳኩ። ለካ በመጀመሪያው ቀን ከደለሉ ውስጥ አውጥተውት ኖሯል። ሾርባዬን ማን እንደጠጣው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ደግ አስበው ነው። ተቀይሜያቸው አላውቅም ብል ግን ዋሸሁ። ዘጠኝ ቀን ባሌ ሞቶ እኔ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ እያልኩ ስቀምስ ነበር። ይህን ለማንም አልጻፍኩም፤ ለአንተ ነው የጻፍኩት።

ፎቶ ባይሆን በእጁ ጽሑፍ ሁለት መስመር ይላክልኝ።

እናትህ በለጠች


ጅቡቲ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማ በለጠች፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አባባ ወልደ ማርያም የጻፍሽውን። አላህ ያጽናሽ።

ዜሩ ልጽፍ ነው ብሏል አሉ፤ ግን ከእርሻው የሚወጣ ሰው ሲገኝ ነው። ታገሺ።

አንተ ለምን አልተሻገርክም ብለሽ ነጋን ጠይቀሽዋል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ፈራሁ። ዋና አልችልም። ይኸው ነው እማ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዓይን እንዴት ይቀባል ብለሽ በነጋ ለላክሽብኝ፣ አትቀቢ። ጀማሪ ዓይን ሲቀባ ሁሉም የደነገጠ ሰው ይሆናል። ጥቁር ቀለም በብዙ ውሃ በጥብጠሽ ፊቱ ላይ አንድ ጠብታ ልቀቂበት፤ ጉድጓዱ ውስጥ ራሱ ይገባና ጥላ ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ የሚያይ ይመስላል።

ሱቁ ሥራ በዝቶበታል። ቶሎ ባልጽፍ አትቀየሚኝ።

ኸባብ


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኸባብ፣

ፈራሁ ማለትህ አያሳፍርም። የፈራ ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ ትተኛለች። ፋዱማን አየኋት፤ ስምህን ስትጠራ ፊቷ ይበራል።

ሠላሳ አንዱን ጨርሻለሁ። ያልከውን ጥላ ሳደርግባቸው ፊታቸው መጣ። አንዱ የሰፈር ጠባቂያችንን ጋሽ ጉግሳን ይመስላል፣ ጉንጩን እንደነፋ። የእድር ዳኛ ከሆነ ወዲህ እሱም ወታደር ነኝ ባይ ሆኗል።

አሁን አንድ ነገር አደራ እልሃለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ በጥጥ ጠቅልዬ መኮንናቸውን ልኬልሃለሁ፤ ሰይፍ የመዘዘውን። እሱን ብቻ እንደ መመሪያው ነው የቀባሁት፤ አረንጓዴ ካፖርት፣ ወገቡ ላይ ቀይ መታጠቂያ። አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ወደዚያ የሚሻገር ሰው አይጠፋምና ለዜሩ አድርስልኝ። እጁ ላይ ይዞ፣ ብርሃን ላይ አይቶ፣ ስለ ቀለሙ ምን እንዳለ ጻፍልኝ። ያለውን እንዳለ። ከራስህ አትጨምርበት።

ቀስ ብሎ ያየው። አልቸኩልም።

እናትህ በለጠች


ጅቡቲ
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማ በለጠች፣

የምሥራች። መኮንኑ ደርሶለታል። ሰሞኑን የተሻገረ አንድ የወላይታ ልጅ ወስዶለት፣ መልሱን በድምፅ ልኮልኛል። ዜሩ እጁ ላይ አገላብጦ አየው አሉ። ሳቀ። «እናቴ ከእኔ በለጠች» አለ። ቀዩ መታጠቂያ አረንጓዴው ላይ ከሩቅ ያበራል፣ እንዲህ ያለ የቀለም ምርጫ አላየሁም አለ። ኪሱ ውስጥ ይዞት ነው የሚሠራው፤ ሌሎቹንም እንዲሁ ቀይና አረንጓዴ አድርጊያቸው ብሎሻል።

ረመዳን ሊገባ ነው። የእናንተም ጾም ገብቷል አይደል? ዱዓ አድርጊልን፤ እኔም አደርጋለሁ።

ልጅሽ ኸባብ


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኸባብ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። እስክሪብቶ ያነሳሁት ዛሬ ነው።

ዜሩ ቀይና አረንጓዴ አይለይም።

ሲወለድም እንዲሁ ነው። በስምንት ዓመቱ ቲማቲም ግዛ ብዬ ብልከው አንድ ኪሎ ጥሬ ይዞልኝ መጣ፤ የበሰለ ነው ብሎ ተከራከረኝ። ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሁለቱም ለሱ አንድ ናቸው፤ የደረቀ ቅጠል ይመስሉታል። ቢጫና ሰማያዊ ግን እንደ እኔና እንደ አንተ ያያል። ሠራዊቱን ለምን እንደዚያ እንደቀባሁት አሁን ገባህ። የቀለሞቹ ክዳን ላይ ፊደል የጻፍኩለትም እኔ ነኝ። አረንጓዴውም ፈረስ ቀልድ አልነበረም፤ ክዳን ተቀያይሮበት ነው። አንተ ስትስቅ አብሮህ ሳቀ፣ ቤት ሲገባ አለቀሰ።

የባቡር ሾፌርነት ፈተናውንም አርፍጄ ነው ያለፈኝ ብሏችኋል። አላረፈደም። ባለነጥቡን ሥዕል አሳይተው ቁጥሩን አንብብ ሲሉት ቁጥር አልታየውም። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ የልጅ ልጅ፣ ቀይ መብራት አይለይም ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው አገር ያስጠላው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል፤ ለአንተም ጭምር። ዛሬ መሐላውን አፈረስኩ።

እንግዲህ አስበው። ከዚያ ሁሉ ሠራዊት ውስጥ አረንጓዴና ቀይ አድርጌ የቀባሁት እሱን አንዱን ነው። ልጄ ቢያየው ኖሮ «እማዬ፣ መታጠቂያውን ረሳሽው» ነበር የሚለኝ። ይህን እየጠበቅሁ ነበር። በጸሎቴ የለመንኩት እሱን ነው፤ ረሳሽው ብሎ እንዲቆጣኝ።

ወጥመድ ነው ያጠመድኩብህ። ደብዳቤዎችህን ደጋግሜ ሳያቸው ዜሩ የሚለው ሁሉ አንተ የምትለውን ይመስል ነበርና፣ ሌላ መንገድ አጣሁ። በገዛ ቤቴ ባደገ ልጅ ላይ ወጥመድ ማጥመድ ነውር ነው፣ በጾም ደግሞ ይብሳል። ይቅር በለኝ። አንተም ጾመኛ ነህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ያንተም ስንቅ ያለቀ ይመስለኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቅሃለሁ። ወታደሩ የት ነው ያለው?

በለጠች


ጅቡቲ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማ፣

ወታደሩ እኔ ዘንድ ነው። የሱቁ መሳቢያ ውስጥ፣ በላክሽው ጥጥ እንደተጠቀለለ። ከዚያ ወጥቶ አያውቅም።

ሌላውን አልጽፈውም። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። በወረቀት የሚባል ነገር አይደለም፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ፤ እንደዚህ ያለ ወሬ ለእናት በፖስታ አይላክም። ለዚያ ነው የዋሸሁት ብዬ ራሴን ላታልል ነበር። ያ ብቻ አይደለም። ሰውየውን፣ ደላላውን፣ ያገናኘሁት እኔ ነኝ። እስከ ጀልባው ድረስ አብሬው ሄጃለሁ። የኔን ቦታ ለሌላ ሰው ለቀቅሁና እሱን ሸኘሁት። አንቺ ስለ ሾርባው ስትጽፊልኝ ደብዳቤውን ይዤ መጋዘን ውስጥ ገባሁ፤ ባለቤቱ መጥቶ እስኪያወጣኝ ድረስ አልወጣሁም።

ትናንት ኢድ ነበር። አልበላሁም።

ልምጣ ወይስ አልምጣ? ደጃፍሽን እንዴት እንደምረግጠው አላውቅም። አትምጣ ካልሽ አልመጣም። አንቺ ንገሪኝ።

ኸባብ


ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኸባብ፣

ና።

ሆሳዕና ሳይደርስ ና። ሕማማት ከገባ ፍትሐት የለም፤ ልጄ ያለ ፍትሐት አንድ ሳምንት እንዲጨምር አልፈልግም፤ እስካሁን የቆየው ይበቃዋል። ነጋ ይህን ደብዳቤ ነገ ማታ ያደርስልሃል። ረቡዕ ባቡር ላይ ውጣ። ስትገባ ወደ እኔ እንዳትመጣ፤ በቀጥታ እናትህ ዘንድ ሂድ። ለፋዱማ አንተው ንገራት። ከአንተ እኩል ያጎረሰችው ናት፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማ።

ከዚያ ጋሽ ጉግሳ ዘንድ ሂድ። የእድሩን ሰዎች እሱ ይጠራል፤ ድንኳኑንም ወንበሩንም እሱ ያውቃል። እኔ አልነገርኩትም። ለማንም ምንም አልነገርኩም፤ ገበያ ስወጣ «ዜሩ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ደህና ነው፣ እርሻ ላይ ነው» እላለሁ። እኔ ምንም አላውቅም። ሐሙስ ማለዳ፣ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ማንኛዋም እናት ተኝቼ ታገኙኛላችሁ። በሩን አልቆልፍም።

ይህን የምልህ ልቤ ደንዳና ሆኖ አይደለም። መርዶ ሳይነገር ለቅሶ አይቀመጡም። አምስት ወር ሙሉ ልጄ ሞቶ ቀለም ሳቀጥን ከረምኩ፤ ነጠላዬን እንኳ አልዘቀዘቅሁለትም። አሁን እንደ ወጉ አልቅሼ ልቅበረው። የሚቀበር ነገር ባይኖርም። የአባቱን ሬሳ ደለሉ መልሶልን ነበር።

ስላንተ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ሲደርስ አንተን ልሰድብህም እችላለሁ፣ ፊትህን ልቧጥጥም እችላለሁ፤ የዚያን ሰዓት ሰው ለራሱም አይታወቅም። አንተ ግን አትሂድ። የፈለግሁትን ብልህ ከድንኳኑ እንዳትወጣ። ሰልስቱን ከወንድሞቹ መቀመጫ ተቀመጥ፤ ሌላ ወንድም የለውም።

ሠራዊቱ አልቋል። ከነመድፉ የቁም ሣጥኑ በር ላይ ቆሟል፣ የደቻቱን አሸዋ ረግጦ። የሱን ሦስቱን አልነካኋቸውም፤ ፈረሱ አረንጓዴውን እንደሆነ ይቀመጣል። ለቅሶ ደራሹ ይህ ደግሞ ምንድን ነው ይል ይሆናል፣ አሮጊቷ አሻንጉሊት ይዛ ተቀመጠች ይላል። ከፎቶው አጠገብ ነው የማኖረው። ያልተሟላው አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ይዘህልኝ ና። የፍሬን ዘይቱ ጣሳ ውስጥ አለ። ከሰልስት በኋላ እነክረውና ልጄ የሚያየው ቀለም እቀባዋለሁ።

አሁን ደግሞ ልብ በል። እንደ ደንቡ ከሆነ ትልቁ ሰው ነው መርዶውን የሚናገረው፤ ጉግሳ እኔ ልበል ይልሃል። እምቢ በለው። አንተ ነህ የምትነግረኝ። በቀኝ በኩል ቁም፣ ቀኙ ትንሽ ይሻላል። ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ አንተ እንዳታደርግ። ጆሮዬን ታውቀዋለህ። ጎረቤት ሁሉ ይስማ፣ ጮክ ብለህ ተናገር። ምን አልክ ብዬ ደግሜ እንድጠይቅህ አታድርገኝ።

እናትህ በለጠች